የሄይቲ ገንዘብ የት ገባ? ማጀቴንስ እንዴት ረሳናት? (የምላሽ ጽሑፍ)

በ2017 ከደረሰው የፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ እዚህ ደብረ ብርሃን ስለ ሬክተር መለኪያ የማያወራ ሰው የለም። ሻይ ቤቱም ታክሲውም ያው ነው። ክፋት የለውም፤ ቢያንስ ነገሩን ማንሳት ጀምረናል። ከወሬው መሀል ግን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። ያነበበው ሁሉ «ልክ ብለዋል!» እያለ ሲያስተላልፈው ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ሄይቲ በ2002 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ዓለም ሁሉ ተረባረበ ተባለ፤ የመጣው ነፍስ አድን ግን ማንንም አላዳነም። ገንዘቡን የሄይቲ ባለሥልጣናት በሉት። የእርዳታ ሠራተኞቹ ይባስ ብለው ኮሌራ አመጡ። ስለዚህ ሰሜን ሸዋ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ከውጭ ሰው ምንም አንፈልግም፤ እድራችን ይበቃናል። ደግሞም መንቀጥቀጥ የአፋር ጉዳይ ነው፤ እኛ አለት ላይ ነን። ከመጣም የፈጣሪ ቁጣ ነውና ማን ይመልሰዋል?

ጸሐፊው ያገራችን ልጅ ናቸው። ተቆርቁረው እንደጻፉም ያስታውቃል። ካሉትም ግማሹ እውነት ነው። ሰው ሁሉ «ልክ ነው» ያለውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ሄይቲን የጎዳት እርዳታ መምጣቱ አይደለም፤ ያገሬውን ሰው እየዘለለ መምጣቱ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ ለእኛ የሚተርፈው የቤት ሥራ በር መዝጋት አይሆንም።

«ማንንም አላዳነም» ከሚለው ልጀምር። «ማንንም» ተጋኗል እንጂ ነገሩ መሠረት አለው። ጥር 4 ቀን 2002 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ላይ ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ ስትናወጥ፣ የመጀመሪያውን ቀን ፍርስራሽ ያነሳው ጎረቤት ነው። በባዶ እጅ፣ በመዶሻ፣ በተገኘው ሁሉ። ውሻና መሣሪያ ይዘው ከመላው ዓለም የመጡት ቡድኖች በሕይወት ያወጧቸው ሰዎች በመቶዎች እንጂ በሺዎች አይቆጠሩም። ፍርስራሽ ሥር ያለ ሰው ብዙ ቀን አይቆይም። ከሌላ አህጉር የሚነሳ አውሮፕላን ደግሞ የቱንም ያህል ቢፈጥን ይዘገያል። ሄይቲ ላይ ወደቡ ተሰብሮ ነበር። አየር ማረፊያው ተጨናንቆ የመድኃኒት ጭነት የያዙ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ወደ ጎረቤት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተመልሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ዋና መሥሪያ ቤትም ተደርምሶ ኃላፊው ሄዲ አናቢ ሞተዋል፤ ከ100 በላይ የድርጅቱ ሰዎች አልቀዋል። ሊያስተባብር የሚገባው ራሱ ፍርስራሽ ሥር ነበር።

ጸሐፊው ግን ማዳን ማለት ከፍርስራሽ ማውጣት ብቻ መሰላቸው። እግሩ በግድግዳ ተጨፍልቆ ለሰዓታት የቆየ ሰው አለ እንበል። ጎረቤት ተረባርቦ አወጣው። ያወራል፣ ውኃ ይጠጣል፣ እልል ይባላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይሞታል። በተጨፈለቀው ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው መርዝ ግድግዳው ሲነሳ በደም ይሰራጫል፤ ልብን ያቆማል፣ ኩላሊትን ይዘጋል። እንዲህ ያለው ሰው ገና ሳይወጣ ጀምሮ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባል። (ሰዉ ሁሉንም ግሉኮስ ይለዋል፤ ለዚህ የሚሆነው ግን የጨው ፈሳሹ ሳላይን ነው።) ኩላሊቱ ከተዘጋም እጥበት ያስፈልገዋል። ሄይቲ ላይ ይህን ያደረጉት የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ይዘው የደረሱ የውጭ ሐኪሞች ናቸው። ከእነሱም በፊት፣ ከአደጋው ቀድሞ እዚያው አገር ሲሠሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኩባ ሐኪሞች ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምረው ሲያክሙ ነበር። እጅና እግር መቁረጥ ግድ የሆነባቸው ሺዎች ናቸው። ይህን እድር አይሠራውም። የደብረ ብርሃን ሆስፒታሎችም ብቻቸውን አይችሉትም፤ ሐኪሞቹን ብንጠይቅ ይህን አይደብቁንም።

ጎረቤት ይበቃል ለሚሉም ጎፋን ላስታውስ። ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ናዳ ቤት ሲቀብር ሰዉ ሮጦ ደረሰ። አካፋና እጁን ይዞ መቆፈር ጀመረ። ሁለተኛው ናዳ አዳኞቹ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ወገን ወገኑን ለማዳን ያሳየው ፍጥነት የሚያኮራ ነው። ግን ከላይ ያለውን ገደል የሚያይና «ቁሙ!» የሚል አንድ የሠለጠነ ሰው አልነበረም።

ወደ ገንዘቡ ልለፍ። «የሄይቲ ባለሥልጣናት በሉት» ለማለት መጀመሪያ እጃቸው መግባት አለበት። ለጋሾች ከአደጋው በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። ከዚህ ውስጥ የሄይቲ መንግሥት የደረሰው ከ10 በመቶ በታች ነው። ለሄይቲ ድርጅቶች የተሰጠው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከለጋሹ ኪስ ወጥቶ አብዛኛው ወደ ለጋሹ አገር ድርጅት፣ ኮንትራክተርና አማካሪ ነው የሄደው። «ሌቦች ናቸው» ተብለው ስለተፈሩ ተዘለሉ። ኋላ ደግሞ ያልሰጧቸውን ገንዘብ በሉ ተባሉ። የሄይቲ ፖለቲከኞች ቅዱሳን ናቸው አልልም፤ ነገር ግን ይህ ፍርድ አይደለም።

የአሜሪካ ቀይ መስቀልን ታሪክ ጸሐፊው አልጠቀሱትም። ለእሳቸው ክርክር ሳይሆን ለእኔ ስለሚሆን ልጥቀሰው። ድርጅቱ ለሄይቲ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። በ2007 ሁለት የአሜሪካ የዜና ተቋማት ተከታትለው ሲያጣሩ፣ የሠራቸው ቋሚ ቤቶች ስድስት ሆነው ተገኙ። ስድስት! የፊደል ግድፈት አይደለም። ድርጅቱ ዘገባውን አልተቀበለም። ገንዘቡ ለጊዜያዊ መጠለያ፣ ለጥገና፣ ለጤናና ለውኃ ውሏል ብሏል። ይሁን። ግን ችግሩ የተፈጠረው ገንዘቡን የሄይቲ ሹም ስለሰረቀው አይደለም። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ሰፈሩ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቁት ውሳኔው ላይ ስላልነበሩ ነው። ያኔ የእርዳታ ማስተባበሪያው ስብሰባ የሚካሄደው አየር ማረፊያው አጠገብ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ነበር። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ያገሬው ድርጅት ሰው በሩን አልፎ ለመግባት እንኳ ይቸገር ነበር።

ሌላም አለ። ለመልሶ ግንባታ ከተመደበው የአሜሪካ ገንዘብ ትልቅ ድርሻ የሄደው ካራኮል ለሚባል ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ካራኮል ያለው በሰሜን ሄይቲ፣ መንቀጥቀጡ ካልደረሰበት አካባቢ ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ደቡብ፣ ፋብሪካው ሰሜን። ኢንዱስትሪ ፓርክ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ለደብረ ብርሃን ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነው? ከተማችን ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ወገኖችን ለዓመታት አስጠልላለች። በአንዱ የብርድ ወር፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ መሬቱን ነጭ በሚያደርግበት ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት በጭነት መኪና ሙሉ የወባ አጎበር ይዞ መጣ። ደብረ ብርሃን! 2,800 ሜትር ላይ! ትንኟ ራሷ ብርድ ልብስ የምትፈልግበት አገር። እዚያው ዞናችን ውስጥ ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ኖሮ ወርቅ ነበር። ሾፌሩ ምን ያድርግ? ዝርዝሩ የተሠራው ሌላ ከተማ ቢሮ ውስጥ ነው። መጠለያው ውስጥ ምግብ ከሚያከፋፍሉት እናቶች አንዷን የጠየቀ ቢኖር «ብርድ ልብስ፣ ምጣድ፣ ማገዶ» ብላ ትቆጥርለት ነበር። እኔ ሄይቲን የምረዳት በዚህ በኩል ነው።

ሌብነቱንም አልክድም። በ2015 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም ብለው በመላ አገሪቱ ማከፋፈሉን ለወራት አቁመው ነበር። ሌባው አልተራበም፤ የተራበው ያው ችግረኛው ነው። ስለዚህ ለሌብነት መልሱ መዝለልም ማቆምም አልሆነም። የተቀባዩ ስም ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ ማን ስንት ኪሎ እንደወሰደ ጎረቤቱ ያንብብ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን እንደሚከብደን አላውቅም።

ኮሌራውን በአጭሩ ልመልስ። በሽታው በጥቅምት 2003 ተነስቶ 10,000 ያህል ሰው ገድሏል፤ ከ800,000 በላይ ሰው ታሟል። ምንጩ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ካምፕ ነው፤ ፍሳሹ አርቲቦኒት ወንዝ ገባር ውስጥ ገባ። ሰላም አስከባሪው ተልእኮ ግን ለመንቀጥቀጡ የመጣ አይደለም፤ ከ1996 ጀምሮ እዚያ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ለዓመታት ካስተባበለ በኋላ የያኔው ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን በኅዳር 2009 ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህ አሳፋሪ ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ግን በሽተኞቹን በብዛት ያከሙት እነማን ናቸው? ያው የኩባ ሐኪሞችና ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ናቸው። ሁሉንም የውጭ ሰው አንድ ላይ ጠቅልሎ ማባረር እነዚህንም ማባረር ነው። ሞሮኮ በ2015 መንቀጥቀጥ ሲደርስባት የተሻለ መንገድ ሞክራለች። ከብዙ አገሮች «እንርዳችሁ» የሚል ጥያቄ ሲቀርብላት የስፔንን፣ የኳታርን፣ የእንግሊዝንና የኤምሬትስን ብቻ ተቀበለች። ዘገየች ተብላ ተወቅሳለች፤ ቢሆንም ማን ምን ይዞ እንደሚገባ መምረጥ እንደሚቻል አሳይታለች።

አሁን ወደ ሰፈራችን። «መንቀጥቀጥ የአፋር ጉዳይ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው በእውነት ያናደደኝ። ማጀቴ የት ነው ያለችው? ካራቆሬስ? ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መገባደጃ ላይ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። ካራቆሬ ላይ ብዙ ቤት ወድቋል። ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ተሰንጥቋል፤ ናዳም ወርዶበታል። ሺዎች ቤት አልባ ሆነዋል። ይህን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት አባ ፒየር ጉዋን መዝግበው አስቀምጠውልናል። ከዚያም ወደኋላ ብንሄድ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ መሬት ተንቀጥቅጦ፣ ናዳ ወርዶ ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ማጀቴና ካራቆሬ ዛሬም በዕድሜ የገፉ የዓይን ምስክሮች አይጠፉም። ጸሐፊው አንድ ቀን ወርደው ቢጠይቁ «የአፋር ጉዳይ» የሚለውን ቃል ደግመው አይጽፉትም።

ለነገሩ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ጂኦሎጂ መማር አያስፈልገውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጫፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ሜዳ መሬቱ እርከን እርከን እየሆነ ወርዷል። ያ እርከን የተሠራው መሬት እየተሰነጠቀ ሲሰምጥ ነው። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጥነው። በ2017 በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ቅልጥ አለት ከመሬት በታች እየገፋ ሲገባ፣ እዚያ አሥር ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ፤ እኛ ደግሞ አልጋችን ላይ ሆነን ተወዛወዝን። የካቲት 7 ቀን የደረሰው በሬክተር መለኪያ 6 ገደማ ነበር።

«አለት ላይ ነን» የሚለው ውስጥም እውነት አለ። ጽኑ አለት ከደለል ያነሰ ይንቀጠቀጣል። ግን ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያሉበት ሜዳ ደለል ነው። ደጋው ደግሞ ገደል አለበት። በ1998 መግቢያ ጣርማ በር ወረዳ ይዛባ አካባቢ መሬት ተንዶ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፤ ያኔ የክረምቱ ዝናብ ብቻ በቅቶት ነበር። ዝናብ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት። የጣርማ በር መንገድ ቢዘጋስ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት አምቡላንስ በየት ይወርዳል?

እድሩን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር የምጣላ አይደለሁም። እንዲያውም እድርን አሳንሰው አይተውታል። «ይበቃናል» ብለው ተዉት። እድር ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ወንበር አለው። ከሁሉም በላይ ግን መዝገብ አለው። በየቤቱ ማን እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ ያውቃል። ሄይቲ ላይ እርዳታ ሰጪዎች ለወራት ሲፈልጉ የነበረው እንዲህ ያለውን ዝርዝር ነው። ችግሩ የእኛ እድር የተደራጀው ለቀብር ነው። ጡሩምባው የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ድጅኖ፣ ክሪክ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪና ቃሬዛ ገዝቶ ያስቀመጠ እድር እስካሁን አላየሁም። ከቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ጋር ተነጋግሮ ጥቂት ወጣቶችን የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ያስተማረም አልሰማሁም። የእድር ዳኞቻችንን ባነጋግራቸው «የእድር ገንዘብ ለሐዘን ነው፤ አይነካም» ይሉኛል። ጸሐፊውም በጽሑፋቸው ይህንኑ ደግፈዋል። እድር ይበቃናል ካሉ በኋላ ገንዘቡ አይነካ ማለታቸው አልገባኝም።

የመጨረሻው ነጥብ ከባድ ነው። «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ብለዋል። መሬቷን ማን እንደሚያናውጣት አልከራከራቸውም። እግዚኦታውን እኔም ተሰልፌ ብያለሁ። ሆኖም ሄይቲ በፈረሰች በስድስት ሳምንቷ፣ የካቲት 20 ቀን 2002፣ ቺሊ ላይ 8.8 ደረሰ። የሄይቲው 7.0 ነበር። በጉልበት ሲለካ የቺሊው 500 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ቺሊ ላይ የሞተው 500 ገደማ ሰው ነው፤ ሱናሚው የወሰደው ተጨምሮ። የሄይቲ መንግሥት የሞተብኝ ከ300,000 በላይ ነው አለ፤ ከዚያ በጣም ያነሰ የገመቱም አሉ፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ በአሥር ሺዎች ነው። የሄይቲው የተነሳው ከዋና ከተማዋ አጠገብ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ቺሊዎች በየጊዜው እየተናወጡ የግንባታ ደንባቸውን ማጥበቃቸውና ማስከበራቸው ነው። ፈጣሪ ሄይቲን ከቺሊ አብልጦ ተቆጣ ልንል ነው?

ቱርክ ጥሩ ደንብ ነበራት። ግን ደንብ ጥሰው የተሠሩ ሕንፃዎች ገንዘብ እየከፈሉ ሕጋዊ እንዲሆኑ ተደጋጋሚ ምሕረት ተደረገ። ጥር 29 ቀን 2015 በደረሰው መንቀጥቀጥ ከ50,000 በላይ ሰው እዚያ አለቀ። እኛም ከ2001 ጀምሮ የሕንፃ አዋጅ አለን። መንቀጥቀጥን የሚመለከት የዲዛይን ደረጃም አለን። ወረቀቱ አይደለም የጎደለን። ደብረ ብርሃን ላይ በየመንገዱ የሚበቅሉትን ጂ ፕላስ ሕንፃዎች እዩ። ከታች ሱቅ ይሁን ተብሎ ግድግዳ የለውም፤ በቀጭን ኮለን ብቻ ቆሟል፤ ከላይ ግን በብሎኬት ተሞልቷል። ሲናወጥ ቀድሞ የሚሰበረው ያ የታችኛው ፎቅ ነው። ፌሮው በቂ ቢሆን እንኳ ስታፋው (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ከኮለኑ ላይና ታች ጫፍ ካልጠበበ ዋጋ የለውም። አርማታ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም። ተቆጣጣሪ መምጣት ያለበት ከዚያ በፊት ነው።

ገጠሩ የባሰ ነው። መንዝና አንኮበር የምንኮራበት የድንጋይ ቤት በጭቃ የተያያዘ ከሆነ፣ ግድግዳው ከባድ ነው፣ ማሰሪያ የለውም፣ ሲናወጥ ይተረተራል። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ሌሊት በሞሮኮ አትላስ ተራሮች ወደ 3,000 ሰው ከሞተው ብዙው እንዲህ ካለ የድንጋይና የጭቃ ቤት ሥር ነው። እንጨትና ማገር ያለው የጭቃ ቤት ይሻላል፤ ይተጣጠፋል እንጂ ወዲያው አይደረመስም። የድንጋዩንም ቤት ቢሆን ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን በእንጨት ወይም በአርማታ ማሰሪያ ማጥበቅ ይቻላል። አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ከቆርቆሮው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ወጪ ነው። አናጺዎቻችንም ቢነገራቸው አያቅታቸውም።

ጸሐፊው ለዚህ መልስ ካላቸው በደስታ አነባለሁ። በተለይ ሁለት ነገር ቢያብራሩልኝ እወዳለሁ። አንደኛው የሄይቲ ባለሥልጣናት በሉት ያሉትን ገንዘብ ከየት እንዳገኙት ነው። ሁለተኛው የእድሩ ገንዘብ ለክሪክና ለቃሬዛ የማይነካበት ምክንያት ነው፤ የእኛ እድር ስብሰባ ደርሷልና መልሱን ይዤ ብገባ ይጠቅመኛል።